የውሃ ውስጥ ጓሮ
(ስለ ኦይስተር አስተዳደግ ታሪክ የተደረገ የሬዲዮ ንግግር)

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ጉርድ ሾላ ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። ዛሬ በዚያ የሚታየው ፎቅና አስፋልት፥ የከተማ ባቡር ሐዲድና ወደ ሥራው የሚቻኮል ሕዝብ ነው። የሰፈሩ ስም ግን ስለ ፎቅም ስለ ሐዲድም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ አንድ ዛፍ፥ ያውም ስለ ተቈረጠ ዛፍ ነው። አገር ሲለወጥ ነገሩ ያልፍና ስሙ ይቀራል፤ ስሙም ለሚያስተውል ሰው እንደ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

እንዲህ ያለው ስም በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ፥ ማንሃታን በሚባለው ደሴት ላይ፥ ትርጓሜው «የሉል መንገድ» የሆነ አንድ አሮጌ ጎዳና አለ። ስሙን ያወጡለት በ17ኛው መቶ ዓመት በስፍራው የሰፈሩት የሆላንድ ሰዎች ናቸው። በዚያን ዘመን መንገዱ በውሃ ዳር የሚያልፍ ሲሆን፥ ኦይስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ዛጎል በዳርቻው ይገኝ ስለ ነበረ እንዲህ ብለው ጠሩት። ከዚያ ወዲህ ዳርቻው በአፈር ተደልድሎ ውሃው ስለ ሸሸ ጎዳናው ዛሬ ከባሕሩ ርቆ ይገኛል፤ በወደቡ ሞልቶ የነበረው ኦይስተርም ተበልቶና ውሃው ተበክሎበት አለቀ። በዚያም ነገሩ አለፈ፤ ስሙ ቀረ።

ዛሬ ለመናገር ያሰብሁት ስለ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። የጠፋውን ለመመለስ ሰዎች በየቤታቸው ደጃፍ፥ ጀልባ ከሚያስሩበት የእንጨት መድረክ ሥር፥ በገመድ ስለሚያንጠለጥሉት የሽቦ ቀፎ፥ ይኸውም የኦይስተር ጓሮ ስለሚባለው ነገር ነው። ይህ ሥራ ከየት እንደ መጣ፥ ምን እንዳስገኘና የት ላይ ኃይሉ እንደሚያልቅ መመርመር፥ ከባሕር ርቀን ለምንኖረው ለእኛም ቁም ነገር አለው። የማነሣቸው ዓመታት፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ኦይስተር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኦይስተር አጥንት የሌለው፥ ሥጋው ለስላሳ፥ እንደ መጽሐፍ ገበታ በሚከደኑ ሁለት ጠንካራ ዛጎሎች መካከል የሚኖር የውሃ እንስሳ ነው። እናቲቱ በአንድ ወቅት ብዙ ሚሊዮን እንቁላል በውሃ ውስጥ ትበትናለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ከማዕበሉ ጋር ሲንሳፈፍ ይሰነብትና፥ አንድ ጠንካራ ነገር፥ ይልቁንም የወገኑን ዛጎል ሲያገኝ፥ በዚያ ላይ ይጣበቃል። ከዚህ በኋላ በራሱ ኃይል ከቦታው አይነቃነቅም። ልጅ በአባቱ ዛጎል ላይ፥ የልጅ ልጅም በልጁ ዛጎል ላይ እየተጣበቀ፥ በብዙ ዘመን ከባሕሩ ወለል እንደ ካብ ከፍ ያለ ክምር ይሠራል። በካቡ ጉድጓዶች ዓሣና ሸርጣን ይጠለላሉ፤ የማዕበሉም ጉልበት በካቡ ላይ ይበርዳል።

ይህ እንስሳ ወደ ምግቡ የሚሄድበት እግር ስለሌለው የሚመገበው ውሃውን ወደ ውስጡ እየሳበና እያጠለለ ነው። በውሃው ውስጥ የተበተነውን ረቂቅ ተክልና ጉድፍ ለይቶ ይይዛል፤ የሚበላውን ይበላል፥ የማይበላውን ጠቅልሎ ወደ ታች ይጥላል፥ የጠራውን ውሃ ይመልሳል። አንድ የጎለመሰ ኦይስተር ሙቀቱና የውሃው ጠባይ በተስማማው ጊዜ በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ሊያጠልል ይችላል። ይህንን በሚሊዮን ቢያባዙት ኦይስተር የሞላበት ባሕር ለምን ጥርት ብሎ ይታይ እንደ ነበረ ይረዱታል።

ክቡር አንባቢ፤ ይህ ነገር ለደገኛ ሰው እንግዳ መስሎ ሳይታይዎት አይቀርም። ይሁን እንጂ የአገራችን ምድር ከኦይስተር ጋር የነበራት ትውውቅ ከማንም ያነሰ አይደለም። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ አገራችን የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ፥ በትግራይ የሚገኘውን የኖራ ድንጋይ በሕንጣሎ ስም ጠርቶ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ያ ድንጋይ በጥንት ዘመን ባሕር አገሩን በሸፈነው ጊዜ የተነባበረ ነው፤ ዛሬም በደጋው ላይ ድንጋይ የሆነ የኦይስተር ዛጎል ይገኝበታል።

ወደ ሰው ዘመን ስንመጣ ደግሞ፥ በ2000 ዓመት የታተመ አንድ ጥናት በቀይ ባሕር ዳር፥ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ባለው በዙላ ባሕረ ሰላጤ፥ አብዱር በተባለ ቦታ ከ125 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ከኦይስተር ዛጎል ጋር መገኘቱን አስታወቀ። ሰው የባሕርን ሲሳይ መልቀም ስለ መጀመሩ ከሚጠቀሱት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

በደቡብም ኦሞ ወንዝ አጠገብ በኪቢሽ በ1967 የጥንት ሰዎች አጽም በተገኘ ጊዜ ዘመኑን ለመገመት የረዳው፥ በዚያው ንብርብር ውስጥ የነበረ የወንዝ ኦይስተር ዛጎል ነው። ይህ የወንዙ ዓይነት ከባሕሩ የተለየ ወገን ቢሆንም የናይል ኦይስተር እየተባለ ይጠራል። በ1969 የወጣው ጽሑፍ በዛጎሉ መሠረት 130 ሺህ ዓመት ያህል ብሎ ገመተ። በ2005 የእሳተ ገሞራውን አመድ የመረመሩ ሊቃውንት 195 ሺህ ያህል፥ በ2022 ደግሞ ሌሎች ከ230 ሺህ በላይ አደረሱት። የዛጎሉ ቁጥር ኋላ ቢታረምም፥ የኪቢሽ ሰዎች ምን ያህል ጥንታውያን እንደ ሆኑ በመጀመሪያ ያመለከተ እርሱ ነው።

ሰው ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት ከኦይስተር ጋር የነበረው ግንኙነት የመልቀም ብቻ ነበረ። መልቀምን ትቶ ወደ ማሳደግ የተሸጋገረበትን ጊዜ ስንፈልግ ወደ ሮማውያን እንመጣለን። ፕሊኒ የተባለው የሮማ ጸሐፊ እንደሚነግረን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 95 ዓመት ገደማ ሰርጊዩስ ኦራታ የሚባል ሰው በኔፕልስ አጠገብ በባያ የኦይስተር ኩሬ ሠራ። ፕሊኒ ሰውየውን ሲነቅፍ፥ ይህን ያደረገው ለሆዱ ብሎ ሳይሆን ለትርፍ ብሎ ነው ይላል። ከዚያው አገር በተገኙ የጥንት የመስታወት ጠርሙሶች ላይ፥ በውሃ ውስጥ ከቆሙ ምሰሶዎች ጋር የኦይስተር ማሳደጊያ የሚል ጽሕፈት ተቀርጾ ይታያል፤ ሊቃውንትም ኦይስተሩ ከምሰሶዎቹ በገመድ ይንጠለጠል እንደ ነበረ ተርጉመውታል። እንግዲህ የማንጠልጠሉ ብልኀት ሁለት ሺህ ዓመት የሞላው ነው ማለት ነው።

ይህ ጥበብ በዚያው በኔፕልስ አካባቢ፥ ፉሳሮ በሚባለው ሐይቅ ሲሠራበት ቆየ። በ19ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ የባሕር ዳር ኦይስተር በመመናመኑ መንግሥት ስለ ተጨነቀ፥ ቪክቶር ኮስት የተባለ ሊቅ በ1853 ወደ ኢጣልያ ሄዶ የፉሳሮን ሥራ ተመለከተ። የድንጋይ ክምር ዙሪያውን በእንጨት ካስማ ታጥሮ፥ ከካስማ ወደ ካስማ በተዘረጋ ገመድ ላይ የጭራሮ እስር ተንጠልጥሎ፥ ጨቅላ ኦይስተሮች በጭራሮው ላይ ተጣብቀው አገኘ። ከተመለሰ በኋላ በ1858 በንጉሠ ነገሥቱ በሦስተኛው ናፖሌዎን ድጋፍ በሳን ብሪዩ ባሕረ ሰላጤ ኦይስተር ዘራ። ሥራው ለጊዜው የሰመረ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ቦታው ለማዕበል የተጋለጠ፥ ጥበቃውም የላላ ስለ ነበረ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ማዕበል በማያገኘው በአርካሾን ግን ሥራው ሥር ሰድዶ እስከ ዛሬ ይኖራል። ዘሩ አንድ ሲሆን ፍሬው የተለያየበትን ምክንያት፥ እባክዎ፥ ልብ ይበሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ ወደ ቀይ ባሕራችን እንቅረብ። የዳህላክ ደሴቶች ጠላቂዎች ሉል በማውጣት ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ነበሩ፤ የምጽዋ ነጋዴዎችም፥ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ሕንዶች፥ ሉሉንና ዛጎሉን ወደ ውጭ አገር ይልኩት ነበር። የሉል ኦይስተር የሚባለው ከሚበላው ኦይስተር የተለየ ወገን ነው፤ የዛጎሉ ውስጠኛ ገጽ እንደ ብር ስለሚያበራ የሸሚዝ ቁልፍ ለመሥራት በአውሮፓ እጅግ ይፈለግ ነበር። ጠላቂው ግን ያገኘውን ያወጣል እንጂ አይዘራም፤ ስለዚህ የባሕሩ ወለል ከዓመት ወደ ዓመት እየተራቈተ ይሄዳል።

ይህንን የተረዳው የሱዳን መንግሥት ከ1905 ጀምሮ ሲሪል ክሮስላንድ የተባለውን እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ በሥራው ላይ አሰማራ። ክሮስላንድ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ባለው በዶንጎናብ ባሕረ ሰላጤ፥ የሉል ኦይስተር እጭ የሚጣበቅበትን ነገር በውሃው ውስጥ አኖረ፤ የተጣበቁትንም ጨቅላዎች ወደ ተጠበቀ ቦታ እያዛወረ ማሳደግን ለብዙ ዓመት ሞከረ። በ1913 ያሳተመውን መጽሐፍ «የቀይ ባሕር ምድረ በዳና የውሃ አትክልቶች» የሚል ትርጓሜ ባለው ስም መጥራቱ በሥራው ላይ የነበረውን ተስፋ ያሳያል። ይሁን እንጂ ሥራው በ1920ዎቹ ተቋረጠ። በ1950ዎቹ መጨረሻ መንግሥቱ እንደገና ሲያነሣው የአካባቢው ቤተሰቦች ራሳቸው ተካፋዮች ሆኑ፤ በሽቦ መረብ በተሠሩ ሳጥኖች ጨቅላዎቹን ከጠላት እየጠበቁ ያሳድጉ፥ ዛጎሉንም ለገበያ ያቀርቡ ነበር። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ በኦይስተሩ ላይ ድንገተኛ እልቂት ወርዶ የብዙዎቹን ድካም በአንድ ጊዜ አጠፋው። ቤተሰብ ሳጥኑን በትጋት ሊጠብቅ ይችላል፤ ሳጥኑ የተቀመጠበትን ባሕር ግን ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም።

ይህንን እውነት አስቀድሞ በሳይንስ ቋንቋ የገለጸ አንድ ጀርመናዊ ነበረ። የኪል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ካርል ሞቢዩስ የሰሜን ባሕር ኦይስተር ለምን እንደ ተመናመነ እንዲመረምር በመንግሥት ታዝዞ፥ በ1877 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሞቢዩስ እንዳስረዳው ኦይስተር ለብቻው የሚኖር ፍጡር አይደለም፤ ከርሱ ጋር የሚኖሩት እንስሳትና ዕፀዋት፥ የውሃው ጨውና ሙቀት፥ የወለሉም ጠባይ ሁሉ እርስ በርሳቸው የተያያዙ አንድ ማኅበር ናቸው። ከማኅበሩ አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይናጋል። ዛሬ በመላው ዓለም ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የሕይወት ማኅበር ትምህርት አንዱ ምንጩ ይህ ስለ ኦይስተር የተጻፈ መጽሐፍ ነው።

ክቡር አንባቢ፤ ማኅበሩ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን በግልጽ የታየው በአሜሪካ፥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች መካከል በተዘረጋው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። የሜሪላንድ ግዛት በ1868 የኦይስተር ዘራፊዎችን የሚያሳድድ ልዩ የባሕር ፖሊስ እስከ ማቋቋም ደርሳ ነበር። ቢሆንም አጥማጁ በረታ፤ በ1884 እና 1885 የመከር ወራት ከሜሪላንድ ብቻ 15 ሚሊዮን ቡሽል በሚባለው መስፈሪያ የተሰፈረ ኦይስተር ወጣ። በዚያ ጊዜ ዊልያም ኪት ብሩክስ የተባለ የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ መምህር፥ የኦይስተርን እንቁላል በሰው እጅ ማራባት እንደሚቻል አስቀድሞ ያሳየ ሊቅ፥ ማውጣቱ በዚህ ሁኔታ ከቀጠለ ባሕሩ ባዶ እንደሚቀር ጻፈ፤ በ1891 ባሳተመው መጽሐፉም መልቀም ቀርቶ ማሳደግ እንዲተካ ወተወተ። የሰማው ጥቂት ነበረ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሁለት በሽታዎች ተከታትለው ተጨመሩ፤ ከነዚህ አንዱ በ1959 በባሕረ ሰላጤው ታየ። ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው እድፍም ውሃውን አደፈረሰው። በመጨረሻ የኦይስተሩ ብዛት ቀድሞ ከነበረው ከመቶ እጅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሆኖ ቀረ።

የቤት ጓሮው ሥራ የተወለደው ከዚህ ውርደት ነው። በ1997 በቨርጂኒያ የኦይስተር ጓሮ ያላቸው ሰዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ2008 የሜሪላንድ መንግሥት ትሬድ አቨን በሚባል ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎችን በማስተባበር ጀምሮ ሥራውን ወደ ብዙ ወንዞች አስፋፋው። በኒው ዮርክም አስቀድሜ ስሙን ባነሣሁት ጎዳና አጠገብ ባለው ወደብ፥ እስከ 2035 አንድ ቢሊዮን ኦይስተር ለመመለስ ያቀደ ድርጅት በ2014 ተመሠረተ፤ ከምግብ ቤቶች የሚጣለውን ዛጎል እየሰበሰበ የአዲሱ ትውልድ ማደሪያ ያደርገዋል።

የአሠራሩን ሥርዓት በአጭሩ ላስረዳ። በሜሪላንድ አስቀድሞ በማራቢያ ጣቢያ፥ እጮቹ አሮጌ ዛጎል በሞላባቸው ገንዳዎች ውስጥ ይለቀቃሉ፤ በጥቂት ቀንም በዛጎሉ ላይ ይጣበቃሉ። በእያንዳንዱ አሮጌ ዛጎል ላይ እንደ ምስር ፍሬ ያነሱ ብዙ ጨቅላዎች ይገኛሉ። እነዚህ ዛጎሎች ዝገት ከማይበግረው ሽቦ በተሠራ፥ ከዶሮ ቅርጫት በማይበልጥ ቀፎ ውስጥ ይጨመራሉ። ቀፎዎቹን የሠሩት የግዛቲቱ እስረኞች መሆናቸውንም ማንሣት ተገቢ ነው። የቤቱ ባለቤት ቀፎውን በጠንካራ ገመድ ከጀልባው መድረክ ያስራል። ገመዱ ሲለካ ሁለት ነገር ይታሰባል፤ ቀፎው ከወለሉ ጭቃ ላይ እንዳያርፍ፥ ባሕሩ በሸሸ ሰዓትም ከውሃው በላይ እንዳይቀር። በጭቃ ላይ ቢያርፍ ጨቅላዎቹ ታፍነው ይሞታሉ፤ በክረምት ብርድ ከውሃ ቢወጣ ደግሞ ይደርቃሉ ወይም በበረዶ ይመታሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የጥቂት ደቂቃ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ቀፎውን ሳብ አድርጎ በውሃው ውስጥ መነቅነቅ፥ የተከማቸውን ደለል ማጠብ፥ ጨቅላውን የሚበላ ሸርጣን ቢገኝ አውጥቶ መጣል ነው። በመስከረም ገደማ የተቀበለው ሰው እስከሚቀጥለው ሰኔ ያህል ያሳድጋል። ጨቅላው በዚህ የመጀመሪያ ዓመቱ ተጠብቆ ከጎለመሰ፥ በኋላ ለጠላት በቀላሉ አይበገርም።

ታዲያ አሳዳጊው በመጨረሻ ምን ያገኛል? ምግብ አያገኝም። ኦይስተር የሚያጠልለውን ጀርም በሥጋው ውስጥ ስለሚያከማች፥ ከቤት አጠገብ በተበከለ ውሃ ያደገው እንዳይበላ ይከለከላል። በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ ከማዕዳችን አርቀን ለኖርን ለእኛ ይህ ክልከላ አይከብደንም ይሆናል፤ ኦይስተርን እንደ ጮማ ለሚቈጥረው ሕዝብ ግን ትልቅ ነገር ነው። ገንዘብም አያገኝም። ዘጠኝ ወር ያሳደገውን ቀፎ ለመንግሥት ሠራተኞች ያስረክባል፤ እነርሱም ማንም እንዳያጠምድ በሕግ በተከለለ ቦታ፥ በባሕሩ ወለል ላይ ይዘሩታል። የሮማው ኦራታ ለትርፍ፥ የቀይ ባሕሩ ጠላቂም ለዕለት እንጀራው የደከመ ሲሆን፥ የዛሬው የጓሮ ባለቤት የሚደክመው የሁሉም ለሆነና የማንም ላልሆነ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ እውነተኛ ሰውም ሳይመልሰው ማለፍ አይገባውም። በየደጃፉ የተንጠለጠሉት ቀፎዎች ባሕሩን ያድኑታል ወይ? ቁጥሩን ስንመረምር መልሱ «ብቻቸውን አያድኑትም» የሚል ነው። በሜሪላንድ ሃሪስ ክሪክ በሚባለው የባሕር ክንድ ከ2011 እስከ 2015 ድረስ 142 ሄክታር የሚያህል የኦይስተር ካብ ተመለሰ፤ ለዚህም ከሁለት ቢሊዮን በላይ ጨቅላ ተዘርቷል። ይህ ሁሉ በመንግሥት ገንዘብና በማራቢያ ጣቢያ የተፈጸመ ነው፤ የየቤቱ ቀፎ ከዚህ አንጻር እንደ አንድ ጭልፋ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ የግዛቲቱ መንግሥት በ2010 ሕጉን አሻሽሎ፥ ለኦይስተር ከሚስማማው ወለል ሩብ ያህሉን ማጥመድ የተከለከለበት ስፍራ አድርጎታል። ሕጉ ባይኖር በቤት ያደገው ኦይስተር በተዘራ ማግስት ተለቅሞ በተሸጠ ነበር። ሳን ብሪዩ የፈረሰበት፥ ዶንጎናብም የተሰበረበት ምክንያት ከዚህ ይገለጣል፤ የዘሪው እጅ ነበረ፥ ዘሩን የሚከልል ጥበቃ ወይም ባሕሩን ነቅቶ የሚመለከት ዓይን ግን አልበቃም።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ቀፎው ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። ሕግ በወረቀት ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ባለቤት ያጣል። በሜሪላንድ ሕጉን የሚሹ ሰዎች ከመብዛታቸው የተነሣ ማጥመጃ ስፍራ እንዳይከለከል የሚከራከሩትን ለመቋቋም ተቻለ፤ ከሚሹትም መካከል ቀፎውን በየሳምንቱ ከውሃ እየሳበ የሚያየው ሰው ይገኝበታል። ውሃው ሲደፈርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ እርሱ ነው፤ ጨቅላዎቹ ሲሞቱ ምክንያቱን የሚጠይቅ እርሱ ነው። ዶንጎናብን ያየ ሰው ቀፎ ያለ ሕግ አቅመ ቢስ መሆኑን ይረዳል፤ የ1868ቱን የሜሪላንድ ፖሊስ ያየ ሰው ደግሞ ሕግ ያለ ሕዝብ ዓይን አቅመ ቢስ መሆኑን ይረዳል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይሆነናል ትሉ ይሆናል። በጉርድ ሾላና በቦሌ ምድር ላይ የሚዘንበው ዝናብ በየቦዩ ተሰብስቦ ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ኩሬ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ እንደ ሌሎች ወንዞች ወደ ባሕር አይደርስም፤ የአፋርን ምድር አቋርጦ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ስለዚህ ከደጃፋችን የምንጥለውን የሚቀበልልን ሰፊ ባሕር የለንም። የጣልነው እድፍ በአገራችን ውስጥ ይሄዳል፥ በአገራችን ውስጥም ይቀራል። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ወደ ገበታችን እንደሚመለስ፥ በአፈሩና በአትክልቱም ከባድ ብረቶች እንደ ተገኙ ጥናቶች አሳይተዋል። የቼሳፒክ ሰው በተበከለ ውሃ ያደገውን ኦይስተር አልበላም ብሎ መተው ይችላል፤ እኛ ግን በምን ውሃ እንደ ለማ ሳናውቅ ሰላጣውን ገዝተን እንበላለን።

በውሃችን የሚያጠልልልን ኦይስተር የለም፤ ልናመጣውም አንችልም። ነገር ግን የቀፎው ምሥጢር በኦይስተሩ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። በግቢ ውስጥ ያለውን የፍሳሽ ጉድጓድ በጊዜው ማስመጠጥ፥ የዝናቡን ቦይ ከቆሻሻ ማጽዳት፥ ያረጀ ዘይትና ኬሚካል ወደ ቦዩ አለመድፋት፥ በወንዙ ዳር ሣርና ዛፍ ማብቀል፥ እነዚህ ሁሉ እንደ ቀፎው ጥቂት ደቂቃ የሚወስዱ፥ ጥቅማቸውም ለሠራው ሰው ብቻ ያልሆነ ሥራዎች ናቸው። በሌላው ወገን ደግሞ ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1995 ዓመተ ምሕረት ወጥቷል፤ የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት የታቀደውም ሥራ በ2011 ዓመተ ምሕረት ተጀምሯል።

ክቡር አንባቢ፤ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የሁለቱም ባለ ዕዳ ነዎት። ጠዋት ከቤትዎ ሲወጡ የደጃፍዎ ቦይ ባለቤት ነዎት፤ ከጠረጴዛዎ ሲቀመጡ ደግሞ የሕጉ እጅና ዓይን ነዎት። ከቤቱ ያለውን ቦይ አጽድቶ በቢሮው ግን የፋብሪካን ፍሳሽ የሚመለከት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አስተኝቶ የሚከርም ሰው፥ ቀፎውን አሳድጎ ለዘራፊ እንደሚያስረክብ ነው። በቢሮው አዋጁን እየጠቀሰ ከግቢው እድፍ የሚለቅቅ ሰው ደግሞ፥ ክልሉን አጥሮ የሚዘራበት ነገር እንዳጣ ነው።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ ነበር። ምሳሌው እውነት ነው፤ ግን አንድ ነገር እንጨምርበት። ሃምሳ ሎሚ ተሸካሚዎች ቢገኙም፥ ሎሚውን የሚሰጠው ዛፍ እንዳይቈረጥ የሚከለክል ከሌለ፥ በሚመጣው ዓመት የሚሸከሙት አይኖራቸውም። የኦይስተር ጓሮ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ የቤቱ ትጋትና የመንግሥቱ ሕግ በአንድ ገመድ ሲታሰሩ፥ መቶ ዓመት ሙሉ የተራቈተ ወለል እንኳ እንደገና ሕይወት ማብቀል ይጀምራል።